የቦሼ ጓሮና መመሪያ ቁጥር ፩

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ሶዶ

«ዘመናዊ የጎመን አተካከል፣ መመሪያ ቁጥር ፩» ዛሬ ከማባዣው ወጣ። ስድስት ገጽ፣ ሁለት መቶ ቅጂ። እንግሊዝኛው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ አማርኛው የእኔ ነው፤ በየገጹ ያለው የጣት አሻራ የተላላኪያችን የጦና ነው። አብዛኛው ገበሬ ማንበብ ስለማይችል በወላይትኛ በቃል እንዳስረዳ ታዝዣለሁ። እንግዲያው ሁለት መቶው ቅጂ ለማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም፤ የተቀጠርሁት ለመተርጎም ነው።

ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ጎመን ለብቻው፣ በመስመር ይተከላል። በመካከሉ ሌላ ነገር አይገባም። ገጽ አራት ላይ «የጎመኑን ምግብ የሚሻሙ» የተባሉት ተዘርዝረዋል፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳም፣ ድንብላል፣ በሶብላ። የእኛን ሴቶች ጓሮ ያየ ሰው ዝርዝሩ እዚያው ቆሞ የተጻፈ ይመስለዋል።

የክፍሉ ሹም አቶ ወልደሰንበት ለናሙና የሚሆን አንድ ጓሮ ፈለጉ። አባታቸው በዚሁ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ጉራጌ ናቸው፤ እሳቸው ግን በልጅነታቸው አዲስ አበባ ተልከው የእርሻ ትምህርት ጨርሰው የመጡ፣ ወላይትኛ የማያውቁ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የሆናቸው፣ ጫማቸው ጭቃ የማይነካው ሰው ናቸው። እኔ የእኅቴን የቦሼን ጓሮ አቀረብሁ። ቦሼ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ከዚያ ጓሮ በሚወጣው ነው። ቤቷ ከከተማው ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ በኩል ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ያለው ፍግ የጠገበ መሬት፣ እኛ ዳርኳ የምንለው፣ በሶዶ ገበያ ስሙ የታወቀ ጎመን ያበቅላል።

ከሥራ ስወጣ ሄጄ አነበብሁላት። ነጭ ሽንኩርቱስ አለችኝ። በሌላ ጊዜ በሌላ ቦታ ይተከላል አልኋት። ጤና አዳሙስ አለችኝ። እሱም እንዲሁ አልኋት። ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ ገለባብጣ አየችው፤ ማንበብ አትችልም።

«እዚህ ላይ ያለው ያንተ ቃል ነው?»

«ትርጉሙ የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ይሁን» አለች። ተስማማች ብዬ መዝግቤአለሁ።

ጥቅምት ፲፯

ዛሬ ጓሮው ተመነጠረ። በምሳ ሰዓት በዚያ በኩል ሳልፍ ጎረቤት ሴቶች እየነቀሉ ይወስዳሉ። ቦሼ ደጃፏ ላይ ጀርባዋን ለጓሮው ሰጥታ ተቀምጣ ትፈትላለች። ሥራውን ለሌሎች ትታ ማረፍ መቻሏ ደስ አለኝ። አላቋረጥኋትም፤ መንገዴን ቀጠልሁ። ለአቶ ወልደሰንበት «የጓሮው ባለቤት ሙሉ ፈቃደኛ ናት» የሚል ሪፖርት አቀረብሁ፤ አንድ ቅጂ ለፋይል።

ጥቅምት ፳፩

ገመድ ተወጠረ። ሰባት መስመር፣ በየመስመሩ ሃያ ችግኝ። ዙሪያውን በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደረደሩ። ጎመኖቹ እንደ ክብር ዘበኛ ቆመዋል። አቶ ወልደሰንበት ፎቶግራፍ አነሱ። ቦሼ ከጎመኑ አጠገብ እንድትቆም ተጠየቀች፤ ቆመች። እንድትስቅ ተጠየቀች፤ ቆመች።

ኅዳር ፬

ጎመኑ ያድጋል። ቅጠሉ ሰፊ ነው፣ ያለ ነውር። የአጥር ጎረቤቷ ጣፈጠች፣ የልብስ ሰፊው የብሩ ሚስት፣ ለሌላ ሴት ስትናገር ሰማሁ፦ የቦሼ ጎመን ትምህርት ቤት ገብቷል፣ ደወል እስኪደወል በሰልፍ ቆሞ ነው የሚጠብቀው ትላለች። ሁለቱም እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ።

ቅናት የሥራ ውጤት ምስክር ነው ብዬ አለፍሁት። ይህን የሆነ ቦታ ያነበብሁት ይመስለኛል። ካላነበብሁትም መጻፍ ያለበት ነገር ነው።

ኅዳር ፳፱

ደረቅ ነፋስ። አቧራ በታይፑ ላይ። ቦሼ በጦና በኩል ልካለች፣ መጥተህ እይ ትላለች። የሦስት ወሩ ሪፖርት አላለቀም። ነገ።

ታኅሣሥ ፪

ነገ ያልሁት ሦስተኛ ቀን ሆነ። ሄድሁ።

ከላይ ሲታይ ጎመኑ ደህና ነው። ቦሼ ጎንበስ ብላ አንዱን ቅጠል በጣቷ ገለበጠችው፣ እኔ የመጽሐፍ ገጽ እንደምገልጠው። ከሥሩ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። አመዱ ይንቀሳቀሳል። ክሽክሽ ነው፣ ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ። ሌላ ቅጠል ገለጠች፤ እዚያም። የመጀመሪያው መስመር፣ ሁለተኛው፣ አራተኛው። አንዱ ጎመን ላይ ያለው ክሽክሽ ወደሚቀጥለው ለመሻገር ምንም የሚያግደው የለም፤ መንገዱን በገመድ ለክተን ያበጀንለት እኛ ነን።

ይህ በወረቀቱ አለ ወይ አለችኝ። ገጽ አምስት አልኋት። በልቤ ገጽ አምስትን አመሰገንሁ። በገጽ አምስት ላይ መድኃኒቱ አለ።

ድሮ ክሽክሽ ይመጣባት እንደሆነ ጠየቅኋት። ይመጣ ነበር አለች፤ ግን መንገዱ ይጠፋበት ነበር፣ ሽታው ያሳስተዋል። የነጭ ሽንኩርት ሽታ፣ የጤና አዳም ሽታ። ጎመኑ የት እንዳለ አያውቅም። ይህን ስትናገር እንደ ወቀሳ አልነበረም። የአየር ሁኔታ እንደሚነግር ሰው ነበር የነገረችኝ።

ታኅሣሥ ፱

ዱቄቱ በቆርቆሮ መጣ። ቦሼ አፍና አፍንጫዋን በነጠላ አስራ ነሰነሰችው። ጓሮው ውርጭ የወረደበት መሰለ። ዶሮዎቹን ቤት አስገብታ ዘጋችባቸው፤ ይህን ማንም አልነገራትም፣ በገጽ አምስት ላይም የለም።

ከተነሰነሰ በኋላ አሥራ አራት ቀን አይሸጥም፣ አይበላም። ሁለት ጊዜ አነበብሁላት።

«አሥራ አራቱን ቀን ምን ልሸጥ?» አለችኝ።

ትዕግሥት አልኋት። እሺ ብላ ነጠላዋን ፈታች። ትዕግሥት መሥሪያ ቤታችን በነፃ የሚያድለው ብቸኛ ነገር ነው።

ታኅሣሥ ፳፮

አሥራ አራቱ ቀን አልፏል። ክሽክሹም ሞቷል። ቦሼ ጎመኑን አጥባ፣ በቃጫ አስራ፣ ለገና ገበያ ወጣች።

አንድም ሰው አልገዛላትም። ጦና ነው የነገረኝ። ሴቶቹ ዱቄቱን በአጥር በኩል አይተውታል፤ የቦሼ ጎመን ዱቄት ለብሷል የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ገበያ ደርሷል። ዘጠኝ ዓመት ከእሷ ብቻ ስትገዛ የኖረች አንዲት ሴት አንዱን እስር አንስታ አሸተተችና በቀስታ መልሳ አስቀመጠችው። ቦሼ ገበያው እስኪበተን ተቀመጠች ይላል።

ወደ ቤቴ ስሄድ በገበያው በኩል ሳይሆን በላይኛው መንገድ ዞርሁ። ዳገቱ ለጤና ጥሩ ነው።

ታኅሣሥ ፳፯

የጦናን ሚስት ልኬ ከገበያ ሳይሸጥ የተመለሰውን የቦሼን ጎመን በሙሉ አስገዛሁ። ማን እንደላከሽ እንዳትናገሪ አልኋት። ስምንት እስር።

ባለቤቴ ሰገነት በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ ከዚያም እኔን አየችኝ። ለበዓል ሥጋ የሚደብቅ ባል ሰምቻለሁ፣ ጎመን በድብቅ የሚያስገባ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ አለች።

ጥር ፭

ጎመን። ትናንትም ጎመን። ሰገነት ሦስት ጊዜ ታጥባዋለች፣ ከዚያ ቀቅላ ውኃውን ትደፋዋለች፣ ከዚያም አትበላውም። እኔ እበላለሁ። እስካሁን አልታመምሁም፤ ይህም ለሳይንስ አንድ ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ቦሼ ሰገነትን ልትጠይቅ መጣች። ግድግዳው ጥግ ጎመኑ የታሰረበት ቃጫ ተጥሎ ነበር። ቦሼ ቃጫውን ሁለት ጊዜ ጠምዝዛ ወደ ውስጥ ነው የምትቋጥረው፤ በገበያው እንደዚያ የሚቋጥር ሌላ የለም። አየችው። አነሳችው። ፈታ፣ አስተካክላ፣ ጠቅልላ ቀሚሷ ውስጥ ያዘችው፤ ቃጫ አይጣልም። ስለ ዘመድ ጤና አወራን።

ስትወጣ «ደህና ይዋሉ አቶ ቶማ» አለችኝ። እስከ ዛሬ አቶ ብላኝ አታውቅም። ማዕረግ ነው፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ጥር ፲፬

ክሽክሹ ተመልሷል። ከበፊቱ ይበልጣል። አንድ አሮጌ የእንግሊዝኛ የአትክልት መጽሐፍ አለኝ፤ እሱ እንደሚለው ዱቄቱ ክሽክሽን ብቻ ሳይሆን ክሽክሽ የሚበሉትን ነጠብጣብ ያለባቸውን ቀይ ጥንዚዛዎችም ይገድላል። ክሽክሹ ቶሎ ይራባል፣ ጥንዚዛዎቹ ግን አይቸኩሉም። መጽሐፉ መደርደሪያዬ ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጧል። አላነበብሁትም ነበር ለማለት ብፈልግም ከጎኑ በእርሳስ አስምሬበታለሁ።

ቦሼ ሦስት መስመር ነቀለች። ለከብት አልሰጠችውም። ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረችው።

ጥር ፳፭

መመሪያ ቁጥር ፪ መጣ።

እንግሊዝኛው ስምንት ገጽ ነው። አርእስቱን እንዲህ ተርጉሜዋለሁ፦ «ተባይን ለመከላከል ጎመንን ከሌሎች ዕፅዋት ጋር አደባልቆ የመትከል አዲስ ዘዴ»። ገጽ ሦስት ላይ የሚጠቅሙት ተዘርዝረዋል፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንብላል፣ ጤና አዳም፣ ሽታ ያላቸው ቅመማ ቅመሞች። ቅደም ተከተሉ ትንሽ ተለውጧል እንጂ ዝርዝሩ ያው ነው። ስለ ቁጥር ፩ አንድም ቃል የለም። ቁጥር ፩ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ተጽፎ የማያውቅ ይመስላል፤ አንድ መቶ ሰባ ቅጂ ግን ከጠረጴዛዬ ሥር አለ።

አቶ ወልደሰንበት ሁለት ጊዜ አነበቡት። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከዚያ «ሳይንስ ይሻሻላል፣ አቶ ቶማ» አሉኝ። ይሻሻላል አልሁ፤ ፍጥነቱም የሚያስገርም ነው። በመጋቢት መጨረሻ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች ስለሚመጡ የናሙናው ጓሮ በቁጥር ፪ መሠረት እንዲስተካከል አዘዙና በበቅሎ ወደ በዴሳ ሄዱ።

ለመተርጎም ተቀመጥሁ። «ነጭ ሽንኩርት» ከሚለው ላይ ስደርስ ቆምሁ። ቀላል ቃል ነው። ሁለት ቃል ነው።

ጥር ፳፯

ቦሼ ዘንድ ሄድሁ። ልነግራት ነበር። ስለ ደመናው አወራን። ዘንድሮ በልግ ቶሎ ይገባል ትላለች። ምሳ ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ ቀቅላ አቀረበችልኝ፤ ከጎኑ ያለው ዳጣ በርበሬ ብቻ ነበር፣ ነጭ ሽንኩርት የለበትም። እንደ ወትሮው ይጣፍጣል ብዬ ዋሸሁ። እሺ አቶ ቶማ አለችኝ።

አልነገርኋትም።

የካቲት ፪

ነገርኋት፤ በከፊል። መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን አሻሽሏል አልሁ።

ወረቀቱን አሳየኋት። ገጽ ሦስትን በወላይትኛ አነበብሁላት። ነጭ ሽንኩርት ስል ሳቀች፤ ድንብላል ስል ሳቋን ያዘች፤ ጤና አዳም ስል መሳቋን ተወች።

«ይህም ያንተ ቃል ነው?»

«ትርጉሙ...»

«ያኛውስ?»

«እሱም።»

ቀና ብላ ደመናውን አየች። ከዚያ በጣም በቀስታ እንዲህ አለችኝ፦ «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ቶማ። ነጭ ሽንኩርቴ ሰው ጓሮ ነው። ጤና አዳሜ ሰው ጓሮ ነው። እኔ ጋ የቀረው ወረቀት ነው።»

በልግ ሳይገባ ካልተከለች ዓመቱን ሙሉ የምትሸጠው አይኖራትም። ይህን እሷ አላለችም፤ ያሰላሁት እኔ ነኝ። ችግኝ ለመጽደቅ የሚያስፈልገውን ጊዜ ቁጥር ፪ ጽፎታል።

ሄጄ አስመልስልሻለሁ አልኋት። ሴት የሰጠችውን አትጠይቅም አለችኝ። እኔ ሴት አይደለሁም አልሁ። ይታያል አለች።

የካቲት ፭

ኮቴን ለበስሁ። አራት ቤት ዞርሁ። በየቤቱ ንግግር አደረግሁ፤ ስለ ጎረቤት ፍቅር፣ ስለ ሳይንስ መሻሻል፣ ስለ መሥሪያ ቤታችን መልካም ፈቃድ። አንዷም እንቢ አላለችኝም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ፤ ማን እንቢ ይለኛል። እየነቀሉ በእጄ ሰጡኝ። እኔም እያንዳንዷን በሥነ ሥርዓት አመሰገንሁ፤ በራሴ ስም፣ በእኅቴ ስም፣ በመጨረሻም በመሥሪያ ቤቱ ስም። ጣፈጠች ሳመሰግናት አፏን ከፍታ ቀረች። በንግግሬ ተደንቃ መሰለኝ።

አንድ ሙሉ ቅርጫት ይዤ ቦሼ ደጅ ደረስሁ።

«በእጃቸው ሰጡህ?»

«በእጃቸው።»

«አመሰገንካቸው?»

«በደንብ አድርጌ ነዋ።»

ቅርጫቱን ተቀበለችኝና ከአጥሩ ውጪ አስቀመጠችው። የተመሰገነበት ችግኝ አይጸድቅም አለች። ግማሽ ሰዓት ተከራከርኋት። ስለ ሥር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ብርሃን ተናገርሁ። ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀችኝና አይጸድቅም አለች።

የካቲት ፰

ቅርጫቱን ወደ ቤቴ ወስጄ ለሙከራ ተከልሁት። በሁለተኛው ቀን ጠወለገ፣ ዛሬ ደርቋል። ሰገነት በቀትር ፀሐይ እንደተከልሁትና ውኃ እንደረሳሁ ታስታውሰኛለች። ስለዚህ ሙከራው ነገሩን አላረጋገጠም፣ አላስተባበለምም። ደርቋል ብቻ።

የካቲት ፲፩

ጣፈጠች በባሏ ሱቅ ደጃፍ አስቆመችኝ። ብሩ መርፌ በከንፈሩ ይዞ ስለነበር አልተናገረም፤ እሷ የሁለቱንም ድርሻ ተናገረች።

«ጋሼ ቶማ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እንዴት ለችግኝ ምስጋና ይሰጣሉ?»

አለማወቄን ነገርኋት። አያውቁም አለች፤ ወንድ አያውቅም፣ ጓሮ ገብቶ አያውቅማ። ከዚያ ሕጉን አስረዳችኝ። ችግኝ አይለመንም፣ በእጅ አይሰጥም፣ እግዜር ይስጥልኝ አይባልበትም። የፈለገች ትገባለች፣ የጓሮው ባለቤት ጀርባዋን ትሰጣለች፣ ያችኛዋ ነቅላ ትወጣለች። ሰጪ አላየችም፣ ወሳጅ አልወሰደችም። እንዲያ የሄደ ብቻ ይይዛል። እሷ ከጉራጌ አገር ስትመጣ ይህን ያስተማረቻት ቦሼ ራሷ ናት፤ ያኔ ለጣፈጠች መጀመሪያ ጀርባ የሰጠቻት እሷ ናት።

«የተመነጠረ ቀንማ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኛ ተራ በተራ ስንገባ ቦሼ ከጠዋት እስከ ማታ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። አንዴም ዞር አላለችም። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ስወጣ በአጠገቧ አለፍኩ፤ እንዝርቷን ታሾራለች፣ ጋሼ ቶማ፣ እንዝርቱ ላይ ግን ጥጥ የለም።»

ብሩ መርፌውን ከከንፈሩ አወጣና መልሶ አስገባው።

ያን ቀን በምሳ ሰዓት በዚያ አልፌአለሁ። አይቻታለሁ። ሪፖርቱ ፋይል ውስጥ ነው፤ ቁጥሩንም አውቀዋለሁ።

የካቲት ፲፬

ደመናው ዳሞታ ላይ ተኝቷል። በገና ሰሞን ስለ ስርቆት ለአምሳ ደቂቃ ሰብኬአለሁ፤ ከጉባኤው ሁለቱ አልቅሰዋል። ዛሬ የስብከቱን ማስታወሻ አውጥቼ አነበብሁት። ስለ ጤና አዳም የሚል ነገር አላገኘሁበትም። አልተረጋጋሁም።

የካቲት ፲፮

ሰረቅሁ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ካፊያ አለ፣ ማዳበሪያ ጆንያ በብብቴ ይዣለሁ። መጀመሪያ የጣፈጠች ጓሮ። በአጥሩ ቀዳዳ ስገባ ሱሪዬ ተያዘ፤ ሳስለቅቅ ተቀደደ። ጣፈጠች ዶሮዎቿን ልታወጣ ብቅ አለች። አየችኝ። እኔም አየኋት። ቀስ ብላ ዞረችና ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ከዚያ አንዲቱን ዶሮ ስለ ክር መወደድ ታወያያት ጀመር። ተንበርክኬ ነጭ ሽንኩርቱን ነቀልሁ።

ባሏ ብሩ ወጣ።

«ማነው ጓሮ ውስጥ ያለው?»

«ማንም የለም።»

«ኧረ ጋሼ ቶማ ናቸው!»

«ማንም የለም አልኩህ። ዞር በል።»

ብሩ ዞረ። ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው ባዶ መንገድ ያያሉ። ከጤና አዳሙ ላይ ሦስት ቅርንጫፍ ከነሥሩ ገንጥዬ በቀዳዳው ወጣሁ። ልማድ ሆኖብኝ «እግዜር» እስከሚለው ደርሼ አፌን በእጄ ያዝሁ።

በቀሩት ሦስት ቤቶች፣ በዚያ ሰዓትና በዚያ ካፊያ፣ ሦስቱም ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። አንዷ መዝሙር ትዘምራለች፣ አንዷ ምንም ያልነበረበትን ግድግዳ ትጠርጋለች። ድንብላል፣ በሶብላ፣ ሌላ ነጭ ሽንኩርት። ሶዶ ውስጥ እንዲህ ሰላም ባለው ሁኔታ የተሰረቀ ያለ አይመስለኝም።

ቦሼ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጭቃ አየች፣ የተቀደደውን ሱሪዬን አየች፣ ጆንያውን አየች።

«ማን ሰጠህ?»

«ማንም።»

«ማንን አመሰገንክ?»

«ማንንም።»

መኮትኮቻውን አመጣች። የኖራ ድንጋዮቹን በእግሯ እየገፋች ወደ ዳር አወጣቻቸው። በተረፉት ጎመኖች መካከል፣ ያለ ገመድ፣ ያለ መስመር፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጣል ጣል አደረገች፤ ጤና አዳሙን ነፋስ በሚመጣበት ማዕዘን፤ ድንብላሉን እዚህም እዚያም፣ ካበበ አትንቀለው፣ አበባውን የሚወዱ ጥንዚዛዎች ይመጣሉ አለችኝ። የጥንዚዛዎቹን የእንግሊዝኛ ስም አውቃለሁ። ጆንያውን ይዤ ተከተልኋት። ዝናቡ እስኪበረታ ተከልን።

ይቅርታ ለመጠየቅ አስቤ ነበር። ዝናቡ መጣ።

መጋቢት ፮

ነጭ ሽንኩርቱ ይዟል። ጤና አዳሙ ከሦስቱ ሁለቱ ይዘዋል። ቦሼ አዲስ የጎመን ችግኝ ጨምራ ተክላለች። በአንዳንዱ ቅጠል ሥር ክሽክሽ አለ፤ የለም ብዬ አልጽፍም። ግን አይሰለፍም። ቀያዮቹ ጥንዚዛዎችም አምስት ሲሆኑ ቆጥሬአለሁ። ቦሼ ምን ትቆጥራለህ አለችኝ።

የቁጥር ፪ን ትርጉም ጨረስሁ። «አዲስ ዘዴ» ከሚለው ላይ «አዲስ» የሚለውን ሰረዝሁት። አቶ ወልደሰንበት መልሰው አስገቡት።

መጋቢት ፳፩

ቦሼ ጎመን ገበያ አወጣች። ከአምስት እስር ሦስት ሸጠች። ያቺ ዘጠኝ ዓመት ከእሷ ስትገዛ የኖረችው ሴት መጥታ አሽትታ፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል ብላ ወሰደች። ዛሬ በገበያው በኩል ነው ወደ ቤቴ የገባሁት፤ ስለዚህ ራሴ አየሁ።

መጋቢት ፳፰

እንግዶቹ መጡ። ሁለት ናቸው፣ ላንድሮቨር ይዘዋል፣ ታላቅየው ጸጉራቸው የሸበተ፣ ለጆሮ የሚመች ድምፅ ያላቸው ሰው ናቸው። አቶ ወልደሰንበት ቁጥር ፪ን እንደ ምስክር ወረቀት በደረታቸው ይዘው መሩን። ጓሮው ከሩቅ ሲታይ የተዘበራረቀ ነው። ቀርቦ ሲታይም የተዘበራረቀ ነው። እንግዳው ጎንበስ ብለው ቅጠል ገለጡ፣ ሌላ ገለጡ፣ በጣም ጥሩ አሉ።

ከዚያ ወደ ቦሼ ዞረው ይህን አተካከል ከማን እንደተማረች ጠየቋት። አቶ ወልደሰንበት እኔን አዩኝ። አስተያየታቸው ረጅም ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ውስጡ መመሪያ፣ መሥሪያ ቤት፣ በጀትና የእኔ እንጀራ ነበሩበት።

ቦሼ በወላይትኛ መለሰች። ምንም እንዳያመልጠኝ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየለየች። ሲያልቅ እኔን አየችኝ፤ ሁሉም እኔን አዩኝ። በዚያ ቦታ ወላይትኛ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። ከመመሪያው ነው ብል ማንም አያውቅም ነበር። ለሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ተርጓሚ ይህን ያህል ያውቃል።

«እንዲህ ትላለች» አልሁ። «ከእናቴ ነው የተማርሁት። ጓሮዬ ድሮም እንዲህ ነበር። ወንድሜ በወረቀት አስነቀለኝ። ኋላ ራሱ ሰርቆ መለሰልኝ።»

እንግዳው ወንድማቸው ማን ናቸው ብለው ዙሪያውን አዩ። እንደ ተማሪ እጄን አነሳሁ። አቶ ወልደሰንበት ወደ ዳሞታ ተራራ ማየት ጀመሩ፤ ሰኞ እንነጋገራለን ብለዋል፣ ሰኞ እናያለን። ሽበታሙ ሰው መሳቅ ይገባቸው እንደሆነ ከፊቴ ሊያነቡ ሞከሩ።

ያኔ ቦሼ ተናገረች፣ በአማርኛ። አማርኛዋ ከገበያ አያልፍም የሚባልላት ቦሼ።

«አንድ ቃል ዘለልክ።»

«የትኛውን?»

«ያሳደግኩት ወንድሜ ነው ያልኩት።»

ወደ እንግዶቹ ዞርሁና አረምሁ። ያሳደገችው ወንድሟ፣ አልሁ። ድምፄ እንደ ተርጓሚ ድምፅ አልነበረም።

አሁን ይህን ደብተር ከጥቅምት ጀምሮ ገጽ በገጽ ገለጥሁት። እዚህም አልጻፍሁትም። ፊደል የቆጠርሁት ከዚያ ጓሮ በሸጠችው ጎመን ነው።